ያልታየ ካርታና የተሰማ ወሬ

በአማርኛ እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉ። አንደኛው «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ነው። በዕለት ተዕለት ኑሯችን የቱን መቼ መጥቀስ እንደሚገባን አናጣውም። ስለ ጎረቤት ገመና ስንጠየቅ የመጀመሪያውን፣ ልጃችን ታሞ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁለተኛውን እናስታውሳለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ስለ መሬት፣ ስለ በጀት፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቁ ይመስላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሕዝብ ስምና በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ መረጃ የጎረቤት ገመና ሳይሆን የሐኪም ቤት ጉዳይ መሆኑን፣ ይህንንም በተግባር ለማሳየት ኃላፊነት ካለባቸው ወገኖች መካከል እኛ የሳይንስ ሰዎች ግንባር ቀደም መሆናችንን ማስረዳት ነው።

«የፊዚክስ መምህር ስለ አዋጅ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕጉን ዝርዝር ትንታኔ ለሕግ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። ይሁን እንጂ መረጃ የማግኘት መብትና የሳይንስ አሠራር ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። አንድ ተማሪ በቤተ ሙከራ የስበትን ፍጥንጥነት ለክቶ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሚል ውጤት ቢያመጣና፣ ልኬቶቹን የመዘገበበትን ደብተር ግን አላሳይም ቢል፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ነጥብ አንሰጠውም። በሳይንስ ዘንድ አንድን አባባል የሚያስከብረው ሌላ ሰው መልሶ ሊመረምረው መቻሉ እንጂ የተናጋሪው ማዕረግ አይደለምና። «እመኑኝ» የሚለው ቃል በቤተ ሙከራ ደብተር ውስጥ ቦታ የለውም። በአስተዳደር መዝገብ ውስጥስ ለምን ቦታ ይኖረዋል?

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ከፕሬስ ነጻነት ጋር አያይዞ ያረጋግጣል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይገልጻል። እነዚህን መርሆዎች ሥራ ላይ ለማዋል የወጣው ሕግ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው።

አዋጁ በወጣበት ወቅት የብዙዎቻችን ዓይን ያረፈው ስለ ጋዜጦችና ስለ ጋዜጠኞች በሚናገረው ክፍል ላይ ነበር። ክርክሩም የተካሄደው በዚያው ላይ ነው። ስለ መረጃ የሚናገረው ሌላው ክፍል ግን ከጋዜጠኛ ይልቅ ገበሬውን፣ ነጋዴውንና ተማሪውን የሚመለከት ሆኖ ሳለ ጥቂት ሰዎች ብቻ አነበቡት። ይህ ክፍል መብቱን የሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው። ግዴታውን የጣለውም በማናቸውም የመንግሥት እርከን በሚገኝ መሥሪያ ቤት ላይ ነው። መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት፣ የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤቱታውን ማቅረብ እንደሚችል ተደንግጓል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ስለ ጋዜጦች የሚናገረውን የቀድሞውን ክፍል ሲተካ፣ ስለ መረጃ የሚናገረውን ክፍል አልሻረውም።

ይህ አስተሳሰብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እርግጥ ነው፣ በዓለም ላይ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1766 በስዊድን ሲሆን፣ ከዋነኞቹ አቀንቃኞቹ አንዱ በዚያን ጊዜ የስዊድን ግዛት ከነበረችው ከፊንላንድ የመጣው ቄስ አንደርስ ኪደኒየስ ነበር። ነገር ግን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጎቻችን የታተሙበት ጋዜጣ «ነጋሪት» መባሉን ልብ እንበል። ነጋሪት አዋጅ ሲነገር ሩቅ ያለው እንዲሰማ የሚጎሰም ከበሮ ነው። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲልም በገዳ ሥርዓት ሕግ ከተደነገገባቸው ታላላቅ ሥፍራዎች አንዱ ነው። በኦዳ ጥላ ሥር የተቀመጠው ጉባኤ ሕጉን የሚደነግገው ሕጉ በሚገዛው ሕዝብ ፊት ነበር። ግልጽነት ለዚህ ምድር እንግዳ ነው የሚለው አባባል እንግዲህ ብዙ አያስኬድም።

የአምቦና የጊንጪ ትምህርት

በዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች መረጃ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን እየተዘጋጀ መሆኑ ተሰማ። ዕቅዱ ዋና ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች፣ ከእነዚህም መካከል በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘውን ሆለታን፣ በአንድ የልማት ማዕቀፍ ለማስተሳሰር የታሰበ ነበር። «ተሰማ» የሚለውን ቃል የተጠቀምሁት አስቤበት ነው። ዕቅዱ ተሰማ እንጂ አልታየም። የየትኛው ቀበሌ መሬት በየትኛው መስመር ውስጥ እንደሚወድቅ፣ ካሳው በምን ስሌት እንደሚከፈል፣ የአስተዳደር ወሰን ይለወጥ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚገልጸው ሙሉ ሰነድ ጉዳዩ በሚነካው ገበሬ እጅ አልነበረም። ባለሥልጣናት በወቅቱ ሕዝቡ ዕቅዱን በትክክል አልተረዳውም ሲሉ ተደምጠዋል። ያላዩትን ነገር በትክክል መረዳት እንዴት እንደሚቻል ግን አልተነገረም።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተቃውሞው በዩኒቨርሲቲዎች ተጀመረ። ሚያዝያ 22 ቀን አምቦ ከተማ ውስጥ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከሟቾቹ መካከል ተማሪዎች ነበሩ። የሟቾቹ ቁጥር በመንግሥት መግለጫ አንድ፣ በዓይን እማኞች አንደበት ሌላ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጊንጪ፣ የከተማዋ የእግር ኳስ ሜዳና በአካባቢው ያለ ደን ለባለሀብት ተላልፏል በሚል የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ ከዚያም ወደ ብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች ተዛመተ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. መቅረቱ ተገለጸ። ተቃውሞው ግን አልቆመም፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ ተደረሰ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ 173 ሰዎች መሞታቸውን ለፓርላማ ሲያቀርብ፣ በዚያው ወር ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከ400 በላይ ብሎ ዘገበ። በአንድ ሀገር፣ በአንድ ዘመን የሞቱ ሰዎች ቁጥር ሁለትና ከዚያ በላይ መሆኑ ራሱ የመረጃ ችግር ነው። ለሟች ቤተሰብ ደግሞ ከመረጃ ችግርም በላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰነዱ በጊዜው ታትሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ታሪክ በቤተ ሙከራ ሁለት ጊዜ ተደግሞ የሚታይ ነገር አይደለም። የመሬቱ፣ የካሳውና የፖለቲካው ቅሬታም ከአንድ ዕቅድ የሰፋና የቆየ ነበር። ምናልባትም ሕዝቡ ሰነዱን አይቶ ተቃውሞውን ያጠናክር ነበር። ነገር ግን ካርታ ይዞ የሚቃወም ሰው ይህ መስመር ከዚህ ወደዚህ ይዛወር፣ ይህ ስሌት ይታረም ማለት ይችላል። የሚቃወመው ነገር ያልታየው ሰው ግን ያለው ምርጫ ሁሉንም መቀበል ወይም ሁሉንም እምቢ ማለት ብቻ ነው። ሰነድን መደበቅ ውይይትን ሲያስቀር ግጭትን አያስቀርም።

ጣቢያ ያልያዘ ራዲዮ

ለዚህ ነገር ከፊዚክስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ራዲዮ ከፍታችሁ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ መርፌውን ብታቆሙት የሚሰማው ኃይለኛ ሹክሹክታ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ራዲዮዎች የሚደርሳቸው ምልክት ሲዳከም የማጉላት አቅማቸውን በራሳቸው የሚጨምሩበት መሣሪያ በውስጣቸው አለ። ምልክቱ ጨርሶ ሲጠፋ ማጉያው እስከ መጨረሻው አቅሙ ይሠራል፤ የሚያጎላው ግን ትርጉም የሌለውን ጫጫታ ነው። ጣቢያውን በያዘ ቅጽበት ጫጫታው ይወርዳል።

ኅብረተሰብም እንዲሁ ነው። መሬቱና ልጆቹ በተነኩበት ጉዳይ ላይ ጆሮውን የማያቆም ሰው የለም። ትክክለኛው ምልክት ካልመጣለት የሚያጎላው ወሬን ነው። በዚህ ጊዜ አድማጩን «ወሬ አትስማ» ብሎ መገሠጽ ራዲዮውን እንደ መምታት ይቆጠራል። መፍትሔው ጣቢያውን ማሠራጨት ነው።

ከሃንፎርድና ከራጃስታን

መረጃ መደበቅ የድሃ ሀገር በሽታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የሚገኘው የሃንፎርድ ተቋም ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ያመርት ነበር። በሥራው ሂደት ራዲዮአክቲቭ የሆነ አዮዲን-131 ወደ አየር ይለቀቃል። ይህ ንጥረ ነገር በሣር ላይ ያርፋል፤ ላም ትግጠዋለች፤ በወተት ውስጥ ያልፍና በሕፃኑ የእንቅርት ዕጢ ውስጥ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1949 ደግሞ ሆን ተብሎ ከፍተኛ መጠን ያለው ጋዝ ለሙከራ ተለቀቀ። በአካባቢው ለሚኖሩ ገበሬዎች አልተነገራቸውም። የአካባቢው ነዋሪዎችና ጋዜጠኞች በአሜሪካ የመረጃ ነጻነት ሕግ እየጠየቁና እየወተወቱ ቆይተው፣ በየካቲት 1986 ወደ 19,000 ገጽ የሚጠጋ ሰነድ ይፋ ሆነ። የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው። ምስጢሩ ግን ከ36 ዓመት በላይ ኖረ። ሰነዱን የጻፉትና የደበቁት ማይማን አልነበሩም፤ እንደ እኔ ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች ይገኙባቸዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሕንድ ነው። በራጃስታን ግዛት የሚገኙ የቀን ሠራተኞችና ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ በመንደራችን ለተሠራው ሥራ የተከፈለበትን የሠራተኞች ዝርዝር አሳዩን አሉ። ከ1994 ጀምሮ መንደርተኛው በተሰበሰበበት አደባባይ ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ ጀመር። ደመወዝ ተከፈላቸው ከተባሉት መካከል ከሞቱ የቆዩ ሰዎች፣ ተሠራ ከተባለውም ውስጥ በቦታው የሌለ ግንባታ ተገኘ። ከዚህ እንቅስቃሴ ግፊት ጋር ተያይዞ በ2005 ሕንድ የመረጃ መብት ሕግ አወጣች። ማንበብ የማይችለው የመንደሩ ሽማግሌ ሰነዱ ሲነበብለት ሐሰቱን ለመለየት የሒሳብ ባለሙያ አላስፈለገውም፤ ጎረቤቱ መቼ እንደ ሞተ ያውቃልና።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሲነሡ እሰማለሁ። የመጀመሪያው «መንግሥት ምስጢር አለው» የሚለው ነው። እውነት ነው። አዋጁ ራሱ የግል ሕይወትን፣ የሀገር መከላከያን፣ የንግድ ምስጢርንና ሌሎችንም ለይቶ አስቀምጧል። ይህ ማለት ግን ምስጢር በልዩ ሁኔታ የሚፈቀድ እንጂ የዘወትር ሕግ አይደለም ማለት ነው። የከተማ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚለቀቅ የሚያሳይ መዝገብ የሀገር ደኅንነት ምስጢር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው «መዝገቡ ራሱ የለም» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ብዙውን ጊዜ እውነት ስለሆነ። ያልተለካ ነገር አይጠየቅም፤ ተለክቶ ያልተመዘገበም እንዳልተለካ ይቆጠራል። ነገር ግን መዝገብ የሚጠፋው የሚጠይቀው ሰው ሲጠፋ ነው። በየወሩ የሚጠየቅ መዝገብ በየወሩ ይጻፋል።

ሦስተኛው «ገበሬው ካርታ ማንበብ አይችልም» የሚለው ነው። እስቲ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በ1፡50,000 መጠን በተሠራ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ወርድና ቁመቱ 50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ በዚያ ካርታ ላይ ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብ ነው። እንግዲህ ወሰን ለማመልከት በወፍራም ብዕር የተሠመረ አንድ መስመር የአንድን ቤተሰብ ሙሉ ማሳ ይውጠዋል። ገበሬው መስመሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ካርታውን የሠራው ባለሙያም በዚያ ካርታ ብቻ ይህን ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ጥፋቱ የገበሬው አለማንበብ አይደለም። መረጃ መስጠት ማለት ወረቀት ማስረከብ ብቻ ሳይሆን፣ በሚበቃ መጠንና ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በሚናገረው ቋንቋ፣ ማለትም በዚህ አካባቢ በመጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ማስረዳት ጭምር ነው። ይህንን ማድረግ የሚችል የተማረ ሰው በየከተማው አለ። እኛ ነን።

ቤታችንን እንይ

እስካሁን ጣቴን ወደ ሌሎች ቀስሬ ቆይቻለሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አዋጁ የሚመለከተው ወረዳውንና ማዘጋጃ ቤቱን ብቻ ሳይሆን እኛንም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁሉቃን ወንዝ የውኃ መጠን የሚያሳይ የቆየ መዝገብ ፈልጌ ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «ለምን ፈለጉት? ደብዳቤ ያምጡ» የሚል ነበር። ደብዳቤ አመጣሁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ተውሁት። በዚያው ዓመት ሁለት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ መጡና፣ «መምህር፣ በቤተ ሙከራው ካሉት ኦሲሎስኮፖች ስንቶቹ እንደሚሠሩ የሚያሳይ ዝርዝር ቢያሳዩን» አሉኝ። ከአፌ የወጣው ቃል «ለምን ፈለጋችሁት? ደብዳቤ አምጡ» የሚል ነበር። ልጆቹ እጅ ነሥተው ወጡ። የራሴን ድምፅ የሰማሁት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በማግሥቱ አስጠራኋቸውና ዝርዝሩን አብረን አወጣን። ለማሳየት ያሳፈረኝ ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሣሪያዎች አይሠሩም። ዝርዝሩን በቤተ ሙከራው በር ላይ ለጠፍነው። በሳምንቱ አንድ የቴክኒክ ባልደረባችን አይቶት መጣ። ከተበላሹት ሁለቱ የጎደላቸው ፊውዝ ብቻ ነበር። በሽታው እስከ ተደበቀ ድረስ መድኃኒቱ ደጃችን ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለባልደረቦቼ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የዓመት በጀቱን፣ የመሣሪያዎቹን ሁኔታና ለምርምር የወጣውን ገንዘብ ማንም ሳይጠይቀው በሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጊንጪ ስለ ውኃ፣ ስለ አፈርና ስለ አየር ንብረት የምንሠራው ጥናት በመደርደሪያ ላይ ከመቅረት ይልቅ ውጤቱ በአንድ ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ናሙናው ለተወሰደበት ቀበሌ ይመለስ። ሦስተኛ፣ በምርምር ዘዴ ኮርስ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ የመረጃ ጥያቄ ለአንድ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያቅርብ፤ ያስገባበትን ቀን ይመዝግብ፤ 30 ቀኑን ይቁጠር፤ ያገኘውን መልስ፣ ዝምታም ቢሆን፣ እንደ ልኬት ይጻፈው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ምዕራብ ሸዋ መሥሪያ ቤቶች ግልጽነት በወሬ ሳይሆን በመዝገብ መነጋገር እንችላለን።

የኦሲሎስኮፑ ዝርዝር ዛሬም በር ላይ አለ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እናድሰዋለን። ሁሉም አይሠሩም፤ የትኛው እንደማይሠራ ግን ማንም ሰው፣ ደብዳቤ ሳይዝ፣ መጥቶ ማየት ይችላል።